ችግኙ በየካቲት ይቆጠር

ከሻሸመኔ በኩል ለሚመጣ መንገደኛ ሐዋሳ መድረሱን የሚነግረው ጥቁር ውሃ ነው። ድልድዩ አጭር ስለሆነ አብዛኛው ሰው ወንዙን ሳያየው ያልፋል፤ ሾፌሩ ስለ ኬላው ያስባል፣ ተሳፋሪው ስለ ሻንጣው። እኔም ከወንዙ ብዙ ሳልርቅ እየኖርኩ ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ። በቅርብ ያየሁት አንድ የሐምሌ ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ችግኝ ልንተክል ስንወርድ ነው። ዝናቡ ያካፋል፤ ጭቃው ጫማችንን ይነጥቃል። እየተሳሳቅን ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የመጣልንን ችግኝ ሁሉ ጨረስን። ፎቶ ተነሣን፣ ዳቦና ሻይ ቀመስን፣ ተበተንን።

በየካቲት ለሌላ ጉዳይ በዚያ ሳልፍ ነገሩ ትዝ ብሎኝ ወረድኩ። ረድፋችን የቱ ጋ እንደነበር ያወቅሁት በጉድጓዶቹ ነው። አንዳንዱ ችግኝ ሲተከል ጥቁሩ ፕላስቲክ አልተቀደደለትም ነበርና ሥሩ እዚያው ውስጥ ታንቆ ደርቋል። ሌላውን ፍየል ግጦታል። ዳገቱ ላይ የነበረውን ፀሐይ ጨርሶታል፤ ውሃው ጠርዝ ላይ የተተከለውን ደግሞ የነሐሴ ሙላት ወስዶታል። ልብስ የሚያጥቡ አንዲት እናት ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። በየዓመቱ ስንተክል እንጂ አንድም ቀን ስናጠጣ አይተውን እንደማያውቁ ነገሩኝ።

የእሳቸው ሳቅ ከብዙ ሪፖርት ይልቅ ጉዳዩን ይገልጸዋል። የወንዝ ዳር የሚያገግመው በታኅሣሥና በጥር በሚሠራ ሥራ ነው፤ የእኛ በጎ ፈቃድ ግን ከክረምቱ ጋር ያልቃል። ስሙም «የክረምት በጎ ፈቃድ» ነው።

ጥቁር ውሃ ተራ ወንዝ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጭንቀት ባላስፈለገ። የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ 22 ሜትር ያህል ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው፤ የሚወጣለት ወንዝ ደግሞ የለም። ዝዋይ እንኳ ቢያንስ በቡልቡላ በኩል ወደ አቢጃታ ይተነፍሳል። የሐዋሳ ውሃ የሚቀንሰው በትነትና ወደ መሬት ውስጥ በመስረግ ነው። ውሃው ሲተን ደለሉ አይተንም፤ ፌስታሉ አይሰርግም፤ ከእርሻ የታጠበው ማዳበሪያም የትም አይሄድም። እዚህ ሐይቅ ውስጥ የገባ ነገር እንግዳ ሆኖ አይመለስም፣ ቤተኛ ሆኖ ይቀራል።

ከላይ ያለውን ታሪክ ደግሞ ጨለለቃ ይነግረናል። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱት እንደ ወሻና ወርቃ ያሉ ጅረቶች መጀመሪያ የሚያርፉት ጨለለቃ ላይ ነው፤ ጥቁር ውሃ ከዚያ ተነሥቶ ነው ወደ ሐይቁ የሚገሰግሰው። ጨለለቃ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር። ዛሬ ረግረግ ነው፤ ዳር ዳሩ ግጦሽና እርሻ ሆኗል። ከተራቆተው ዳገት የወረደ አፈር ሞላው። ረግረግ ሆኖም ቢሆን ትልቅ ውለታ እየዋለ ነው፤ የመጣውን አፈር አስቀርቶ ቀለል ያለውን ውሃ ይለቃል። ማጣሪያው እየሞላ፣ እየታረሰ፣ እየጠበበ ሲሄድ ግን ቀጣዩ የአፈር ማረፊያ ሐይቁ ራሱ ይሆናል።

የወንዝ ዳር እጽዋት የሚሠራውን ሥራ ብዙዎቻችን «አፈር ይይዛል» ብለን እናልፈዋለን። ይይዛል፤ ነገር ግን አያያዙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ውሃው ጠርዝ ላይ ፊላ፣ ደንገልና ጨፌ ናቸው ባለሙያዎቹ። ጎርፍ ሲመጣ ይተኛሉ፣ ሲያልፍ ይነሣሉ፤ በመሐሉ የውሃውን ፍጥነት ሰብረው የተሸከመውን ደለል ያስጥሉታል። ሁልጊዜ እርጥብ በሆነው አፈራቸው ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ ከማዳበሪያና ከመጸዳጃ የመጣውን ናይትሬት ወደ አየር ይመልሱታል። ከዚያ ከፍ ሲል የአኻያ፣ የዶቅማና የሾላ ቦታ ነው። ሥራቸው በጥልቀት ገብቶ ዳርቻውን እንደ ብረት ያስራል፤ ጥላቸው ውሃውን ያቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ከሞቀው የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። የሚረግፈው ቅጠል የውሃ ነፍሳት ቀለብ ነው፣ ነፍሳቱ የዓሣ ቀለብ። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው፣ ሣር ባለበት ዳር ነው። አምባዛም ዝናብ ሲጥል ወደ ተጥለቀለቀው ጨፌ ወጥቶ ነው የሚራባው። በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ዓሣ ሲበለት እያየ ከአባ ኮዳዎቹ ጋር የሚጋፋው ሰው የሚበላው ዓሣ ምናልባት ማንም በማያየው ሣር ውስጥ የተፈለፈለ ነው።

እንግዲህ እኛ በዚያች ቅዳሜ ያደረግነው ምን ነበር? ፊላና ጨፌው ለዓይን «ቆሻሻ» ስለመሰለን አጨድነው። ቦታውን ካጸዳን በኋላ ጉድጓድ ቆፍረን የጓሮ ዛፍ ተከልንበት። ከመጣልን ችግኝ ግማሽ ያህሉ ግራቪሊያ ነበር፤ ለአጥርና ለጥላ የማይጠላ ዛፍ ነው፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ መቆም ግን አይሆንለትም። በሌላ አነጋገር ሥራውን በነጻ ይሠራ የነበረውን ሠራተኛ አባረን በቦታው ሥራውን የማያውቅ ቀጠርን። ይህን የምጽፈው ባለሙያ ሆኜ ሳይሆን በራሴ ማጭድ ያጨድኩ ሰው ሆኜ ነው።

አንዳንዱ ዳርቻ ጭራሽ ተከላ አያስፈልገውም። ከብት ሁለት ክረምት ቢከለከል ጨፌው ራሱ ይመለሳል፤ ወፍና ጎርፍ የሚያመጡት ዘር የቀረውን ይሠራል። ይህ ለሪፖርት አይመችም። «በዚህ ዓመት ምንም ያልተከልንበት 3 ኪሎ ሜትር» ብሎ የሚኩራራ ቀበሌ እስካሁን አላየሁም።

የቁጥር ፍቅራችን ያለ ምክንያት አልመጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲታወጅ አገር ሁሉ ተደንቋል። ሚሊዮኖችን ከቤት ማስወጣቱ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ችግኝ ይዞ የማያውቅ ስንት የከተማ ልጅ አፈር ነክቷል። ችግሩ ቁጥሩ ጉድጓዱ በተቆፈረበት ቀን መዘጋቱ ላይ ነው። በየዓመቱ በዚያው ዳርቻ፣ አንዳንዴም በዚያው ጉድጓድ መትከል ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ መሆኑ ነው።

እስቲ ስሌቱን በጀሪካን እናድርገው። 100 ሜትር ርዝመትና 10 ሜትር ስፋት ያለው አንድ የወንዝ ዳር እንውሰድ። በየ2.5 ሜትሩ አንድ ዛፍ ብንተክል 160 ችግኝ ይይዛል። ሐዋሳ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ ቆረጥ ቀጠል እያለም ቢሆን ዝናብ ስለምታገኝ ዋናው ፈተና ከኅዳር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ያሉት 16 ሳምንታት ናቸው። ለአንድ ችግኝ በሳምንት 10 ሊትር ብንል 1,600 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ 80 ጀሪካን ማለት ነው። 80 አባላት ያሉት እድር ቢረከበው ለአንድ አባል በሳምንት አንድ ጀሪካን ይደርሰዋል። ውሃው ደግሞ ከሥር ነው ያለው። በሁለተኛው በጋ መጠኑ ይቀንሳል፤ ከሦስተኛው በኋላ የወንዝ ዳር ዛፍ በሥሩ የራሱን ውሃ ያገኛል።

አሁን ያንኑ ስሌት እንደለመድነው ለ10,000 ችግኝ እናድርገው። በሳምንት 5,000 ጀሪካን ይመጣል። ይህን የሚሸከም እድርም ማኅበርም የለም፤ ስለዚህ ማንም አያጠጣም፣ ስለዚህ ይደርቃል። በጎ ፈቃደኛ የሚያዋጣው በትንሽ ቦታ ነው። ስም ያለው፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ የታወቀ፣ ባለቤቱ የታወቀ መቶ ሜትር።

ይህን ነገር በሌላ አገር የሞከሩትም አሉ። አሜሪካ ውስጥ የሲያትል ከተማ በ2005 እ.ኤ.አ. የከተማ ደኖቿን ለመመለስ የ20 ዓመት ሥራ ጀመረች። እዚያ በጎ ፈቃደኛው ይሠለጥንና አንድ ቦታ ይረከባል፤ ሥራው በአራት ምዕራፍ የተከፈለ ነው። መጀመሪያ ወራሪው አረም ይነቀላል፣ ከዚያ ይተከላል፣ ከዚያ የተተከለው እስኪጸና ይታረማል፣ በመጨረሻ ለብዙ ዓመት ይጠበቃል። መትከል ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። የእኛ የወፍ ቆሎና ቅንጬ አረም ለችግኝ ከነሱ አረም የሚሻሉ ስላልሆኑ ይህ ቅደም ተከተል ለእኛም ይሠራል። በተቃራኒው የደቡብ ኮሪያዋ ሶል ከ2003 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ አውራ ጎዳና አፍርሳ የቾንግጌቾንን ጅረት 5.8 ኪሎ ሜትር ያህል መልሳ ገለጠች፤ ሲያዩት ያምራል፣ ውሃው ግን በአብዛኛው በፓምፕ ተስቦ የሚመጣ ነው። የእኛ የወንዝ ዳርና የኮሪደር ልማት ሲነሣ ብዙ ጊዜ በዓይናችን የሚመጣው የሶል ዓይነቱ ነው፦ ድንጋይ ንጣፍ፣ መብራት፣ የተከረከመ ሣር። ለመናፈሻ መልካም ነው። ከድንጋይ በተሠራ ዳር ላይ ግን አምባዛ አይራባም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ሐዋሳ መሐል ከተማዋ ሜዳ ላይ ስለሆነች በየሰፈሩ የሚያቋርጣት ጅረት የላትም። ጅረቶቿ ቦዮቿ ናቸው። የከተማዋ የጎርፍ መውረጃ ቦዮች ጫፋቸው ሐይቁ ነው፤ ታቦርና አላሙራ ኮረብታዎች ላይ የዘነበው፣ አስፋልትና ቆርቆሮ ላይ የወረደው ሁሉ ሳይጣራ ወደዚያው ይፈስሳል። አስፋልት ውሃ አይጠጣም። ሰፈር በሰፋ፣ ኮብልስቶን በተነጠፈ ቁጥር ጎርፉ ይበረታል፤ አፈሩ ደግሞ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተረፈ አመድና ቀላል ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ በቀላሉ ይሸረሸራል። ስለዚህ ወንዝ ዳር ብቻ ተክሎ ቦዩን መተው ጣሪያው እየፈሰሰ ወለል እንደመወልወል ነው። ቦዩ ሐይቁ ጋ ከመድረሱ በፊት ውሃው የሚያርፍበት፣ ፊላ የበቀለበት ሰፊ ጉድጓድ ቢኖር ብዙውን ደለልና ፌስታል እዚያው ያስቀራል። ጉድጓዱን መቆፈር የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው፤ የሞላውን ማውጣትና ማጽዳት ግን ለሰፈር ወጣቶች ማኅበር ቋሚ እንጀራ ሊሆን ይችላል። ፌስታልን የሚያግደው ሕግ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ከዚያ በፊት የተጣለው ግን ገና ቦይ ውስጥ ነው፣ በየክረምቱም ጥቂት ጥቂት እያለ ይወርዳል።

ለነገሩ ወንዝ ዳር ባዶ መሬት አይደለም። ሁልጊዜ የሚኖርበት ሰው አለ፦ ባጃጅ የሚያጥብ ወጣት፣ ልብስ የሚያጥቡ እናቶች፣ አሸዋ የሚያወጣ፣ ጎመን የሚያለማ፣ ከብት የሚያጠጣ። በጎ ፈቃደኛው በአውቶቡስ መጥቶ ሲሄድ እነሱ ይቀራሉ። ዳርቻውን ማዳንም ማጥፋትም በእጃቸው ነው። «ከብት እንዳይገባ» ብሎ ሽቦ መወጠር ቀላል ነው፤ ሽቦው ግን በሦስተኛው ወር የሰው ቤት አጥር ይሆናል። ከዚያ ይልቅ ባለ ከብቱ ከዳርቻው ሣር አጭዶ የመውሰድ መብት ቢሰጠው፣ በዳገቱ ላይ ዝሆን ሣር ቢተከልለት፣ ችግኙን የሚጠብቀው እሱ ራሱ ነው። ባሕር ዛፉም እንዲሁ ነው። ገበሬው ወንዝ ዳር ባሕር ዛፍ የሚተክለው ውሃ መጠጣቱን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ አጣናው ተሸጦ ለልጅ ትምህርት ስለሚሆን ነው። «ንቀል» ከማለት በፊት ከወንዙ ራቅ ብሎ የሚተክልበት ቦታ ማሳየት ይገባል።

የመልካም ወግ እጥረትም የለብንም። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ሽማግሌዎች ሕዝቡን የሚመክሩበት በዓል ነው። ከምክሮቹ አንዱ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚል ነው፤ ከስንፍና፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት ጋር አብሮ ይነሣል። ዛፍ መቁረጥን ከሐሰት ምስክርነት ጎን ያስቀመጠ ባህል ባለበት አገር፣ ለወንዝ ዳር ጥበቃ መመሪያ ሁሉ ከቢሮ መውረዱ ይገርመኛል። በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ አደባባይ የሚነገር አንድ ቃል በአንድ ቀበሌ ከሚለጠፍ መቶ ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል።

በጎ ፈቃድ የማይደርስባቸው ነገሮች እንዳሉ ግን ሳልናገር ባልፍ አታላይ እሆናለሁ። ጀሪካን የፋብሪካ ፍሳሽን አያጣራም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምና ወደ ውጭ እንዳይለቅ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ይህ ከቀድሞ ፋብሪካዎች አሠራር ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እርምጃ ነው። ለሌሎቹ ሁሉ ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ እንዲያጸዳና ወጪውን እንዲሸፍን ካዘዘ ሃያ ዓመት አልፎታል። ይህን የሚያስፈጽም መንግሥት እንጂ ቲሸርት የለበሰ ወጣት አይደለም። ወጣቱ ሊያደርግ የሚችለው ማየትና መናገር ነው፦ ውሃው በየትኛው ሌሊት ቀለሙን እንደሚለውጥ ከአካባቢው ሰው በላይ የሚያውቅ መርማሪ የለም።

ከሁሉ የሚከብደው የላይኛው ነው። የጥቁር ውሃን ተፋሰስ ሲዳማና ኦሮሚያ ይጋሩታል። ወንዶ ገነት ላይ ያለው ጫትና ሸንኮራ በእነዚያው ጅረቶች ነው የሚጠጣው፤ የጨለለቃ ዳር የሚታረሰው በሁለቱም ወገን ነው። ከታች ሆነን መቶ ሜትር ስናለማ ከላይ አንድ ኪሎ ሜትር ረግረግ ቢታረስ ደለሉ ያሸንፈናል። የደን ትምህርት ቤት ወንዶ ገነት ላይ ከተከፈተ ብዙ አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ስለዚህ የጎደለው ዕውቀት ነው ማለት አይቻልም። የጎደለው የላይኛው ገበሬ ረግረጉን ባያርሰው ምን ያገኛል ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ከሐይቁ የሚጠቀሙት ሆቴሎች፣ ጀልባዎችና ዓሣ አስጋሪዎች ከታች ናቸው፤ ዋጋውን እንዲከፍል የሚጠየቀው ከላይ ነው። ከታች የሚገኘው ገቢ ጥቂቱ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ እስካልተበጀ ድረስ ምክሩ ሁሉ ምክር ብቻ ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ እጃችን ላይ ያለውን መቶ ሜትር መያዝ አይከለከልም። በግሌ አንድ ነገር ብቻ ቢለወጥ እወዳለሁ፦ የከተማው ሪፖርት በሐምሌ ስንት እንደተተከለ መጻፉን ትቶ በየካቲት ስንት እንደተረፈ ይጻፍ። በዚያን ጊዜ ቁጥሩ ትንሽ ይሆናል፤ ያሳፍራልም። ሆኖም ለሚቀጥለው ዓመት ዶቅማና አኻያ ይምጣልን ወይስ ግራቪሊያ የሚለው ክርክር የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። አኻያ እኮ ችግኝ ጣቢያም አያስፈልገውም። አውራ ጣት የሚያህል ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ ዝናቡ ሲጀምር እርጥብ አፈር ውስጥ ግማሹ ከተቀበረ ራሱ ሥር ይሰዳል። ዋጋው የአንድ ማጭድ ስለት ነው።

ባለፈው ወር የሰፈራችን እድር ሲሰበሰብ የመቶ ሜትሩን ሐሳብ አነሣሁ። ጋሼ ሊቀ መንበሩ ስሌቱን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ በሳምንት አንድ ጀሪካን ለሚለው ማንም ብዙ አልተቃወመም። ክርክር ያስነሣው ሌላ ነገር ነው፦ የሚዞሩት ፍየሎች የማን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል፣ ባለቤቱም እዚያው ስብሰባ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል።